ልጣጩን መልሶ መስፋት፦ ሊበሰብስ የተፈቀደለት የጥበብ ሥራ ጉዳይ

አንድ ጠዋት ሁለት ብርቱካን በላች። ልጣጩ እጇ ላይ ቀረ። መጣሉ ከበዳት። መርፌና ክር አነሳችና፣ ብዙም ሳታስብበት፣ ልጣጩን መልሳ ሰፋችው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰፊዋ ዞይ ሌነርድ ትባላለች። በ1961 በኒው ዮርክ ግዛት የተወለደች፣ በይበልጥ በፎቶግራፍ የምትታወቅ አሜሪካዊት አርቲስት ናት (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ጠዋት በኋላ መስፋቱን አላቆመችም። ከ1992 እስከ 1997 እሷና ጓደኞቿ የበሉትን ፍሬ ልጣጭ እየሰበሰበች ሰፋች። ሲያልቅ ወደ 300 የሚጠጉ ልጣጮች ሆኑ። ሥራውን «ስትሬንጅ ፍሩት» አለችው፤ «እንግዳ ፍሬ» ማለት ነው። በ1998 የፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰደው። ሙዚየሙ የተረከበው ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ የሚሄድ ነገር መሆኑን እያወቀ ነው።

ምግብና ዘመናዊ ጥበብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዋጋና ስለ ወሬ ነው። እኔ ግን ግንኙነታቸውን ለመረዳት ከዚህ ጉዳይ የተሻለ አላገኘሁም። ምግብ የጥበብ ዕቃ ሲሆን የሚመጣው ከባድ ጥያቄ ሁሉ እዚህ አለ።

ወለሉ ላይ ያለው

መጀመሪያ ሥራውን በዓይነ ሕሊና እንየው። ባዶ ክፍል ነው። ማስቀመጫ ጠረጴዛ የለም፣ የመስታወት ሳጥንም የለም። ልጣጮቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ሎሚ፣ ግሬፕፍሩት፣ አቮካዶ። ከዛፍ ወድቀው የሚያነሳቸው ያጡ ይመስላሉ። ለማየት ማጎንበስ ያስፈልጋል።

ሲያጎነብሱ ስፌቱ ይታያል። አንዱ በቀጭን ክር በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ሌላው በሰፋፊ ስፌት እንደ ነገሩ ተያይዟል። አንዱ ሙዝ ላይ ዚፕ ገብቷል። ሌላው ላይ ቁልፍ ተተክሏል። ሽቦ አለ፣ ጅማት አለ፣ ፕላስቲክ አለ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ። የፍሬ ሻጮች የለጠፉት ትንሽ ምልክት እንዳለ የቀረበትም አለ።

ፍሬው ግን የለም። ተበልቷል። የተሰፋው በባዶነት ዙሪያ ነው። ይህን ልብ ሳይሉ ማለፍ ሥራውን ሳያዩ እንደ መውጣት ነው። ልብስ ሲቀደድ የምንሰፋው መልሰን ለመልበስ ነው፤ ቁስል የሚሰፋውም ሥጋው እንዲገጥም ነው። የተበላ ብርቱካን ልጣጭ ተሰፍቶ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ሌነርድም ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ያም ሆኖ አምስት ዓመት ሰፋች።

ለምን?

በሐምሌ 1992 ዴቪድ ቮይናሮቪች በኤድስ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። ሠዓሊ፣ ፎቶግራፍ አንሺና ጸሐፊ ነበር፤ የሌነርድም የቅርብ ጓደኛ። ሥራው የእሱ መታሰቢያ ነው።

ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው በ1992 ኤድስ በአሜሪካ ከ25 እስከ 44 ዓመት ባሉ ወንዶች ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኖ ነበር። ሕይወት የሚያተርፈው የተቀናጀ መድኃኒት የመጣው ገና በ1996 ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የነበሩ አርቲስቶች በየሳምንቱ ቀብር ላይ ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሌነርድ በ1987 ኒው ዮርክ ውስጥ በተመሠረተው «አክት አፕ» በተባለው ንቅናቄ ውስጥ ነበረች። መንግሥትና የመድኃኒት ኩባንያዎች እንዲፈጥኑ በየአደባባዩ የሚጮህ ቡድን ነው። ቀን ቀን ሰልፍ፣ ጩኸት፣ ስብሰባ። መስፋቱ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበር። ዝምታ ነው። ብቻን መቀመጥ ነው። እጅ ሲሠራ ሐዘን ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ቡና ሲለቀም፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ሹራብ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

መርፌውም ከየትም የመጣ አይደለም። ቮይናሮቪች ራሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ዳቦ ለሁለት ከፍሎ በቀይ ክር መልሶ ሰፍቶ ነበር። ግማሾቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ክሩ ተወጥሮ ይታያል። የተቆረሰን እንጀራም ሆነ ዳቦ ማንም መልሶ አይገጥመውም። ሌነርድ ሟቹ የጀመረውን ስፌት ተቀብላ ቀጠለችው ብዬ ነው የማነበው። ለጓደኛ ሐውልት ከማቆም ይልቅ የእሱን ሥራ በራስ እጅ መቀጠል። እኔ ከዚህ በላይ የሚነካ መታሰቢያ አላውቅም።

ርዕሱም ሸክም አለው። በእንግሊዝኛው የመንደር ስድብ «ፍሩት» ግብረ ሰዶማዊ ወንድን ማዋረጃ ቃል ነበር። በተጨማሪም ቢሊ ሆሊዴይ በ1939 የቀዳችውን ዘፈን ያስታውሳል፤ ዘፈኑ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች በመንጋ ተገድለው ዛፍ ላይ ስለተሰቀሉ ጥቁሮች ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይ የወደቁት ፍሬዎች ዝም ብለው ፍሬ አይደሉም። ሰውነት ናቸው። ቆዳ አላቸው፣ ይጠቁራሉ፣ ይሸበሸባሉ፣ ይደርቃሉ።

ከተሳለ ሎሚ እስከ እውነተኛ ልጣጭ

ምግብ በሥዕል ውስጥ አዲስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች የገበታ ሥዕል ይወዱ ነበር። ከእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ በግማሽ የተላጠ ሎሚ። ልጣጩ ተጠምዝዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይንጠለጠላል። ቪለም ካልፍ በተለይ በዚህ የተካነ ነበር። ላዩ ሸካራ፣ ውስጡ ነጭ፣ ሥጋው ውኃ ያዘለ። የሠዓሊ ችሎታ መለኪያ ነው።

ከዚያ ዓይነቱ ሥዕል አንዱ ዘርፍ «ቫኒታስ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከመጽሐፈ መክብብ ነው፤ እኛም «ከንቱ የከንቱ ከንቱ» እያልን ያደግንበት ቃል። የራስ ቅል፣ የሚያልቅ ሻማ፣ የበሰለና መበላሸት የጀመረ ፍሬ ይሳላል። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሁሉ ያልፋል። ሥዕሉ ራሱ ግን አያልፍም። ከ350 ዓመት በላይ ቆይቶም ያ ሎሚ ዛሬ እንደተላጠ ነው። ስለ ማለፍ የሚናገረው ነገር ራሱ ለመቆየት ተሠርቷል።

ሌነርድ ይህን ገለበጠችው። ስለ መበስበስ የሚናገር ሥዕል አልሳለችም። የሚበሰብሰውን ራሱን አመጣች። ዘመናዊ ጥበብ ምግብን ሲያስገባ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል። ምግብ የሚታይ ምስል መሆኑ ቀረና ጊዜ የሚሠራበት ሥጋ ሆነ።

ለማዳን የተደረገው ሙከራ

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። መጀመሪያ ላይ ሌነርድ ሥራው እንዲጠፋ አልወሰነችም። ልጣጮቹ ሲበላሹ ስታይ የሚያድናቸው ሰው ፈለገች። ክርስቲያን ሻይደማን የተባለ ጀርመናዊ ባለሙያ አገኘች። ሻይደማን እንደ ቸኮሌትና ዳቦ ባሉ፣ ሌላው ጠጋኝ ሊነካቸው በሚፈራ ዕቃዎች የተሠራ ጥበብን በመጠገን የታወቀ ነው።

የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። ልጣጭ ሲነሳ ገና ሕያው ነገር ነው። ሙዝ ሲላጥ ሴሎቹ ይቀደዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቡናማ፣ ከዚያም ጥቁር ቀለም ያመጣል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት፤ ዘይቱ ሲተን ሽታው ይሄዳል። ከነጩ ሽፋን ውኃው ሲወጣ ልጣጩ ይኮማተራል፣ እንደ ቆዳ ይደርቃል። ስኳር ስላለበት ሻጋታና ነፍሳት ይመጡበታል። ላይ ደግሞ ክር አለ። ልጣጩ ሲኮማተር ክሩ አብሮ አይኮማተርም፤ ስፌቱ ይወጠራል ወይ ይላላል።

ሻይደማን ለሁለት ዓመት ያህል ሞከረ። የደረሰበት ዘዴ ይህ ነው። ልጣጩን በጣም ፈጥኖ ማቀዝቀዝ። ውኃ ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው የሴሉን ግድግዳ ይቀድዳል፤ ሲቀልጥ ሁሉ ነገር ይላሽቃል። ፈጥኖ ሲረጋ ግን በረዶው ደቃቅ ስለሚሆን ቅርጹ ይተርፋል። ቀጥሎ አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ «ፓራሎይድ ቢ 72» የተባለ ሙጫ እንዲሰርግበት ማድረግ። ይህ ሙጫ ጥርት ያለ አክሪሊክ ነው፤ የተሰበረ ሸክላና መስታወት የሚጠግኑ ሰዎች ለአሥርታት የተጠቀሙበት። በአሴቶን ስለሚሟሟ ስህተት ቢፈጠር ማስለቀቅ ይቻላል።

ሠራ። ሻይደማን 25 የሚሆኑ የዳኑ ልጣጮች ለሌነርድ አቀረበላት። ቅርጻቸውን ጠብቀዋል፣ ቀለማቸውም አልጠፋም። የሚፈለገው ሁሉ ተሟልቷል።

አየቻቸውና አልፈልግም አለች።

ይህን ቦታ ሳስብ ቆም እላለሁ። ሰውዬው የተጠየቀውን በሚገባ ሠርቷል። ጥፋት የለበትም። ሌነርድ ግን እነዚያን 25 ስታይ ነው ምን እንደ ሠራች የገባት ብዬ አምናለሁ። የዳነ ልጣጭ ስለ ሞት አይናገርም። ሻይደማን ባይሳካለት ኖሮ «ምን ይደረግ፣ ዘዴ የለም» ይባልና ያልፍ ነበር። መፍትሔው እጇ ላይ እያለ እምቢ ማለቷ ነው መበስበሱን የሥራው አካል ያደረገው። የሻይደማን ሁለት ዓመት ከንቱ አልቀረም የምለውም ለዚህ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ብዙ ናቸው። መልሳቸው ግን ይለያያል።

ዳንኤል ስፖሪ በ1960 ጀምሮ ሰዎች በልተው የተነሱበትን ገበታ ከነሳህኑ፣ ከነፍርፋሪው በሙጫ እያጣበቀ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። እሱ ጊዜን ማስቆም ነው የፈለገው። ዲተር ሮት ደግሞ በሌላው ጽንፍ ነው። በ1970 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 37 ሻንጣ ሙሉ አይብ ለትርኢት አቀረበ። ክፍሉ በግማትና በትል ተሞላ፤ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጡ። በኋላ ሻንጣዎቹ በረሃ ውስጥ ተጣሉ። ሮት በመበስበሱ ይደሰት ነበር።

ለሌነርድ ቅርብ የሆነው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ ቶረስ ነው። እሱም በኤድስ የፍቅር ጓደኛውን ሮስን አጥቷል። በ1991 ክፍል ጥግ ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ቆለለ። የታሰበው ክብደት 175 ፓውንድ ነው፤ 79 ኪሎ ያህል። ጎብኚው አንስቶ ይበላል። ክምሩ እንደ በሽተኛ ሰውነት እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን ሥራውን የያዘው ሙዚየም እንደገና ሊሞላው ይችላል። ከረሜላው ያልቃል፣ ሰውዬው ግን ተመልሶ ይቆማል። ጎንዛሌዝ ቶረስ ራሱ በ1996 ሞተ፤ ከረሜላው ዛሬም ይሞላል።

በ2019 ማያሚ ላይ ማውሪሲዮ ካቴላን ግድግዳ ላይ በፕላስተር የለጠፈውን ሙዝ የማያውቅ ጥቂት ነው። በ2024 በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እዚያም ሙዙ ሲጠቁር ይቀየራል። ገዢው የሚገዛው ሙዙን አይደለም፤ ማረጋገጫ ወረቀትና መመሪያ ነው። ለዚህ ነው ሰው ደጋግሞ ቢበላውም ሥራው ያልጠፋው።

የሌነርድን ልጣጭ ግን መቀየር አይቻልም። ያ ብርቱካን በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰው ተበላ። ያ ስፌት በዚያ ሰዓት በእሷ እጅ ተሰፋ። አዲስ ብርቱካን ገዝቶ መተካት የሞተን ጓደኛ በሌላ ጓደኛ መተካት ይሆናል። ከረሜላውና ሙዙ በመመሪያ ይኖራሉ፤ ልጣጩ ያለው አንድ አካል ብቻ ነው።

ሙዚየሙ

በ1876 የተመሠረተ ትልቅ ተቋም ይህን እንዴት ተቀበለ? የዘመናዊ ጥበብ ክፍሉን በወቅቱ የምትመራው ኪዩሬተር አን ቴምኪን ነበረች፤ በኋላ ወደ ኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተዛውራለች። ሙዚየም ማለት በመሠረቱ የማቆያ ቤት ነው። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ብርሃኑ ሁሉ የሚለካው አንድ ነገር እንዳይለወጥ ነው። ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎችም የሚሰጡት ልጅ ልጆቻቸው እንዲያዩት ነው። ለዚያ ቤት «ይህን ግዙ፣ ግን አታድኑት» ማለት ሐኪም ቤት ገብቶ «አታክሙኝ» እንደ ማለት ነው።

ፊላዴልፊያ ግን በዚህ ነገር ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። የማርሴል ዱሻን «ትልቁ መስታወት» የተሰኘው ሥራ ከ1954 ጀምሮ እዚያ ነው። መስታወቱ በ1920ዎቹ ከትርኢት ሲመለስ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዱሻን በ1936 ስብርባሪውን ገጣጠመው፤ ስንጥቁን ግን ተወው፣ ወደደውም። ስንጥቁ ዛሬ የሥራው አካል ነው። አደጋን እንደ ሥራ አካል የመቀበል ልምድ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ልጣጩ ግን አንድ እርምጃ አለፈ። የተሰነጠቀ መስታወት ስንጥቁን ይዞ ይኖራል፤ ልጣጭ ግን እያለቀ ነው የሚሄደው።

ሙዚየሙ ይህን መቀበሉን አደንቃለሁ፣ ከልቤ። ገንዘብ አውጥቶ የሚጠፋ ነገር መግዛት ለአንድ ተቋም ትንሽ ድፍረት አይደለም። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። መበስበሱ ሥራው ከሆነ መታየት አለበት። ልጣጮቹ ትርኢት ላይ በማይሆኑበት ጊዜ ዕቃ ቤት ናቸው። ሙዚየም ደግሞ ዕቃ ቤቱ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። እዚያ መበስበሱ ይዘገያል፤ የሚሆነውም ማንም ሳያየው ነው። ሥራውን የሚያዘገየው እንክብካቤ በአንድ በኩል መልካም ነው፣ በሌላ በኩል ሌነርድ እምቢ ያለችውን ነገር በጓሮ በር ያስገባል። አንድ ሰው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ በየዓመቱ ቢያየው ነበር ሥራው ሙሉ የሚሆነው ብዬ አስባለሁ። በተግባር ግን አንድ ሙዚየም አንድን ክፍል ለአንድ ሥራ ለዘላለም መስጠት ይከብደዋል። ይህ አለመግባባት በቀላሉ የሚፈታ አይደለም።

ማዘዋወሩም ሌላ ጭንቀት ነው። የደረቀ ልጣጭ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሣጥን ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ሣጥን በተጓዘ ቁጥር ጥቂት ይቀንሳል። ማሳየት ራሱ ያሳጥረዋል፤ አለማሳየት ደግሞ ትርጉሙን ይወስድበታል። እጁን ጓንት ውስጥ ከቶ አንዲት የሎሚ ልጣጭ የሚያነሳውን የሙዚየም ሠራተኛ አስባለሁ። የሚያደርገው የሞተን ሰው ሰውነት እንደ መገነዝ ነው።

በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ ዊትኒ ሙዚየም የሌነርድን የዓመታት ሥራ በትልቅ ትርኢት ሲያቀርብ ልጣጮቹ እንደገና ወለል ላይ ተዘረጉ። ስፌቱ ከተጀመረ 26 ዓመት ሆኖታል። የብርቱካኑ ቀለም ሄዷል። ሙዙ ጠቁሮ ቀጥኗል። ሩቅ ሆኖ ላየው ሰው የትኛው ሎሚ፣ የትኛው ብርቱካን እንደ ነበር መለየት ይቸግራል። ያልተለወጡት ዚፖቹና ቁልፎቹ ናቸው። ብረትና ፕላስቲክ እንዲህ ቶሎ አይበሰብስም። ክሩም አለ፣ አሁንም እንደተሰፋ፣ ከዓመት ዓመት እያነሰ የሚሄድ ነገር ይዞ።